ሄሊኮፕተሯን ከመምረጣችሁ በፊት ሳሎናችሁን ለኩ

ያደግሁት ቢሾፍቱ ነው። ያኔ ደብረ ዘይት ነበር የምንላት። የአየር ኃይሉ ሄሊኮፕተር ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የክፍላችን መስኮት ይንቀጠቀጣል። መምህራችን ጠመኔውን እንደያዘ ድምፁ እስኪርቅ ይጠብቃል። እኛ አንገታችንን አስግገን ወደ ሰማይ እናያለን። ያ ድምፅ ከልቤ ወጥቶ አያውቅም። አሁን የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ቀን የሕንፃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቤዝመንት ወርጄ በሪሞት የሚሠሩ ትንንሽ ሄሊኮፕተሮች አበርራለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

ሰው ይህን ስለሚያውቅ በበዓል ሰሞን ስልኬ አያርፍም። «ለልጄ የትኛዋን ልግዛለት?» «እኔ ራሴ ልጀምር ፈልጌ ነበር፣ ምን ይሻለኛል?» እኔም በጥያቄ ነው የምመልሰው። የት ልታበርሯት ነው? አብዛኛው ሰው ስለ ዋጋና ስለ መልክ አስቦ ይመጣል፤ ስለ ቦታ ግን አላሰበም። ቦታው ከሁሉም ይቀድማል። ሜትር አውጡና ሳሎኑን ለኩ። ሶፋውንና ጠረጴዛውን ቀንሱና የሚቀረውን ባዶ ወለል ጻፉት። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ከሆነ የሚሆናችሁ አንድ ዓይነት ነው። አዳራሽ ወይም የትምህርት ቤት ጂም የሚፈቅድላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ሌላ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የገባሁበት። ሻጩ «ለጀማሪ ትሆናለች» አለኝ፣ አመንኩት። ፕሮፔለሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች፣ የምታምር ማሽን ነበረች። 400 ዶላር ከፈልኩ። ጓደኛዬ በሚሠራበት ባዶ መጋዘን ወሰድኳት። ተነሳች፣ ሦስት ሰከንድ ቆየች፣ ወደ ግራ አጋደለች፣ ወለሉን መታች። ሁለቱም የፕሮፔለሩ ክንፎች ተሰበሩ፣ ሻፍቱ ማለትም ፕሮፔለሩ የሚዞርበት ዘንግ ጎበጠ፣ ትልቁ ጥርስ ማለትም ዘንጉን የሚያዞረው ማርሽ ተላጨ። አንዱ የክንፍ ስባሪ ከእኛ አልፎ የካርቶን ክምር ላይ ተሰክቶ አገኘነው። ያን ቀን ቤት እስክደርስ ስለ ገንዘቡ አላሰብኩም። የማስበው ስለዚያ ስባሪ ነበር።

እነዚህ ትልልቆቹ መጫወቻ አይደሉም። በ2013 ብሩክሊን ውስጥ አንድ የ19 ዓመት ወጣት መናፈሻ ውስጥ የራሱ ሄሊኮፕተር መትቶት ሞቷል። ልጁ ደግሞ ጀማሪ አልነበረም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙት መዳፋችሁ ላይ የምታርፍ ትንሽ ትሁን። በዚህ ላይ አልደራደርም።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ። አንድ ነገር ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል። ድሪል ይዛችሁ ግድግዳ ስትበሱ ምላሱ ነክሶ ሲይዝ እጃችሁን ወደ ተቃራኒው ይጠመዝዘው የለ? ሄሊኮፕተርም እንዲሁ ናት። ፕሮፔለሩ ወደ አንድ ጎን ሲዞር አካሏ ወደ ሌላው ጎን መዞር ይፈልጋል። ይህን ለማስቆም ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንዱ የሄሊኮፕተር ሠሪው ኢጎር ሲኮርስኪ በ1939 አሜሪካ ውስጥ ያበረረው ነው፤ አንድ ትልቅ ፕሮፔለር ከላይ፣ አንድ ትንሽ ጭራ ላይ። ሌላው የሩሲያዎቹ ካሞቭ ሄሊኮፕተሮች የሚታወቁበት ነው፤ ሁለት ፕሮፔለር አንዱ ካንዱ በላይ ተደርቦ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል። የአንዱን ጥምዘዛ ሌላው ያጠፋዋል።

ሁለት ፕሮፔለር የተደረበባት ትንሿ ሄሊኮፕተር በተፈጥሮዋ ረጋ ያለች ናት። እጃችሁን ከሪሞቱ ብታነሱ እንኳ ወዲያው አትገለበጥም። ከዚህ ዓይነት በጣም የታወቀችው ሲማ ኤስ 107 ናት። ርዝመቷ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አካሏ አብዛኛው ብረት ስለሆነ መውደቅን ትችላለች። ሦስት ቻናል አላት፦ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዞር፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ። ወደ ጎን መንሸራተት አትችልም። ጭራዋ ላይ ያለችው ትንሽ ፕሮፔለር ወደ ሰማይ የዞረች ናት፤ ሥራዋ አፍንጫዋን ዝቅና ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። እኔ የገዛኋት በ25 ዶላር ነበር። ከስምንት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ፣ ሦስት በሦስት ለሆነ ሳሎን፣ ከእሷ የተሻለ ምርጫ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን እወቁ። የዚህች ሪሞት እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በኢንፍራሬድ ነው የሚሠራው። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ምልክቱ ይጠፋባትና ትወድቃለች። መጋረጃውን ዝጉ። ሁለት ልጆች ካሏችሁና ሁለት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የሪሞቶቻቸው ምልክት የተለያየ መሆኑን ሳጥኑ ላይ አረጋግጡ። አለበለዚያ አንዱ ሪሞት የሁለተኛዋን ሥራ ያበላሻል።

ሁለተኛው ዓይነት እውነተኛ ሄሊኮፕተር የምትመስለው ናት። አንድ ትልቅ ፕሮፔለር፣ አንድ የጭራ ፕሮፔለር፣ አራት ቻናል። አራተኛው ቻናል ወደ ጎን መንሸራተት ነው፤ ማብረር የሚባለው ነገር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። እናንተ ራሳችሁ መማር ከፈለጋችሁ፣ ልጃችሁም ከ12 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ከዚህች ጀምሩ። ባለ ስድስት አክሲስ ጋይሮ፣ ማለትም መዘንበሏንና መዞሯን የሚለካ መሣሪያ፣ የሚል ፈልጉ። ጋይሮው ጆይስቲኩን ስትለቁ ሄሊኮፕተሯን ራሱ ያቃናታል። እኔ አሁን ለሰው የምጠቁመው ሲ186 የምትባለውን ነው። የጀርመኑን ቦ 105 ሄሊኮፕተር አስመስለው የሠሯት ናት። በአየር ግፊት መለኪያ ከፍታዋን ራሷ ትይዛለች፤ ስለዚህ ጀማሪው ስለ መውጣትና መውረድ ሳይጨነቅ አቅጣጫ ላይ ብቻ ያተኩራል። ዋጋዋ እንደ ሻጩ ይለያያል፤ እኔ ከ80 ዶላር በላይ አልከፈልኩም።

ሦስተኛው ዓይነት የክንፎቹ አንግል ራሱ የሚቀያየርበት ነው። ስድስት ቻናል ነው ይሏችኋል። በጀርባዋ ተገልብጣ ትበርራለች፣ ቪዲዮው ላይ ልብ ትሰርቃለች። ያቺ የ400 ዶላሯ ከዚህ ወገን ነበረች። አሁን አትግዟት። ሻጩ ምንም ቢላችሁ አትግዟት። የአራት ቻናሏን ለጥቂት ወራት አብርራችሁ፣ በሲሙሌተር፣ ማለትም በኮምፒውተር የማብረር መለማመጃ፣ ደግሞ አንድ ሃምሳ ሰዓት ተለማምዳችሁ ትደርሱባታላችሁ። ሲሙሌተር ላይ ሺህ ጊዜ ብትከሰክሱ የምትጫኑት አንድ ቁልፍ ነው።

«ድሮን አይሻልም?» የሚለኝም አለ። ፎቶና ቪዲዮ ከሆነ የምትፈልጉት አዎ፣ ድሮን ግዙ። ድሮን ራሱን ችሎ ይቆማል። ሄሊኮፕተር የማብረሩን ጥበብ ራሱን ለሚወድ ሰው ናት።

ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት መለዋወጫዋን ፈልጉ። የሞዴሏን ስም ጽፋችሁ የጭራ ሞተር፣ ክንፍ፣ ባትሪ፣ ትልቁ ጥርስ ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን እዩ። ካላገኛችሁ፣ የቱንም ያህል ብታምር ተዉአት። ከእነዚህ ሁሉ ቶሎ የሚያልቀው የጭራ ሞተር ነው። ትንሽ ነው፣ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው ብሩሽ ይበላል። ባለ አራት ቻናሏ ሄሊኮፕተር ባትሪዋ ሙሉ ሆኖ ሳለ ወደ አንድ ጎን ብቻ መዞር ከጀመረች ጥፋቱን መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ። እኔ ከሄሊኮፕተሯ ጋር አብሬ አንድ የጭራ ሞተር፣ ሁለት ተጨማሪ ባትሪና አንድ ጥንድ ክንፍ አዝዣለሁ። ሁሉም በመጀመሪያው ዓመት አልቋል።

ሪሞቱን ስታዙ «ሞድ 2» የሚለውን ምረጡ። ግራው ጆይስቲክ ጋዟ (ከፍና ዝቅ ማድረጊያዋ) እና መዞሪያዋ ነው፤ ቀኙ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይወስዳታል። እዚህ አሜሪካ አብዛኛው ሰው የሚያበርረው በዚህ ነው። ሞድ 1 ላይ ጋዙ በቀኝ በኩል ነው። ጣት አንዴ የለመደውን ለማስረሳት ወራት ይፈጃል።

ስለ ባትሪ ደግሞ በደንብ ስሙኝ፤ እሳት ያለበት ጉዳይ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት በሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ነው። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል። ሄሊኮፕተሯ ጉልበት ሲያጥራት ካወቃችሁ ወዲያው አሳርፏት፤ እስክትወድቅ አትጠብቁ። ካበረራችሁ በኋላ አሥር ደቂቃ ትቀዝቅዝ፣ ከዚያ ቻርጅ አድርጉ። ቻርጅ ሲደረግ ቤት ሁኑ፣ ንቁ ሁኑ። ሰድል ላይ ወይም ድስት ውስጥ አድርጉት እንጂ አልጋ ላይ አታስቀምጡት። ያበጠ ባትሪ አልቆለታል። አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ከቤት ቆሻሻ ጋር አትጣሉት፤ ባትሪ የሚሰበስቡበት ቦታ ውሰዱት። ሲማዋ ስምንት ደቂቃ ያህል በርራ ለመሙላት አርባ ደቂቃ ገደማ ትፈልጋለች። ይህን ለልጁ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ያለዚያ በመጀመሪያው ቀን ለቅሶ ነው። ሪሞቷ ብቻውን ስድስት ድንጋይ ይበላል፤ እሱንም አብራችሁ ግዙ።

ሄሊኮፕተሯ እጃችሁ ገባች እንበል። መጀመሪያ የክፍሉን ማሞቂያና ማቀዝቀዣ አጥፉ። ሥራዬ ስለሆነ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ከጣራው ወይም ከወለሉ የሚነፍሰው ማሞቂያ አይታያችሁም፣ ለእሷ ግን ማዕበል ነው። ቤዝመንቴ ውስጥ ሄሊኮፕተሬ ሁልጊዜ ወደ ልብስ ማጠቢያው እየሄደች ስትጋጭብኝ ሁለት ሳምንት ሪሞቱን ስነካካ ቆየሁ። አንድ ማታ የሽንት ቤት ወረቀት ቁራጭ በክር አንጠልጥዬ ክፍሉን ዞርኩ። ወረቀቱ ጥግ ካለው የአየር መውጫ አጠገብ ሲደርስ ወደ ልብስ ማጠቢያው አቅጣጫ ተዘረጋ። መውጫውን ዘጋሁት። ሄሊኮፕተሯ በቦታዋ ቆመች።

ባትሪውን ስትሰኩ ሄሊኮፕተሯን ደልዳላ ወለል ላይ አስቀምጡና እጃችሁን አንሱ። ጋይሮው ቀጥ ያለው የትኛው እንደሆነ የሚማረው በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ነው። እጃችሁ ላይ አዘንብላችሁ ከሰካችኋት ያዘነበለውን ቀጥ ያለ አድርጋ ትይዘዋለች። ከዚያ «ተበላሽታ መጣችብኝ» ይላል ሰው። ደውለው ሊመልሷት ከነበሩት ሁለቱን በዚህች ምክር ብቻ አድኛለሁ።

ወለሉ ላይ በፕላስተር መስቀል ሥሩ። ሄሊኮፕተሯን ጭራዋ ወደ እናንተ፣ አፍንጫዋ ወደ ፊት አድርጋችሁ መስቀሉ ላይ አስቀምጧት። እናንተ ሁለት ሜትር ከኋላዋ ቁሙ። ስትነሳ ወለሉ አጠገብ አታቆዩአት፤ ራሷ የምትገፋው አየር ከወለሉ ተመልሶ ያናውጣታል። ቶሎ ወደ ወገባችሁ ቁመት አድርሷት፣ እዚያ ትረጋለች። ወደ አንድ ጎን ቀስ እያለች ከሸሸች ትሪም የሚባሉትን ትንንሽ ቁልፎች ወደ ተቃራኒው ሁለት ሦስት ጊዜ ንኩ። ከዚያ ሥራችሁ አንድ ብቻ ነው፤ ከመስቀሉ በላይ ማንሳፈፍ። ጆይስቲኩን በጣት ጫፍ ነክታችሁ መልሱ፣ ነክታችሁ መልሱ። ገፍቶ መያዝ ግድግዳ ላይ ያደርሳል።

ልትጋጭ መሆኗን ስታዩ ደግሞ ጋዙን ዝጉ። ሰው በተፈጥሮው ለማዳን ጋዝ ይጨምራል። ክንፉ ሳይዞር ብትወድቅ ብዙ ጊዜ ምንም አትሆንም። እየዞረ ግድግዳ ከነካ ግን ጥርሱ ይላጫል፣ ሞተሩ ይቃጠላል። ከፍታ ራሷ የምትይዘዋ ላይ ሞተር በአንዴ የሚያጠፋው ቁልፍ የት እንደሆነ ሳታውቁ አታስነሷት።

ረጅም ፀጉር ይታሰር። ሻርፕና ነጠላም ይራቅ። እናቴ ልትጠይቀን ከአገር ቤት የመጣች ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ሄሊኮፕተሯ አጠገቧ አረፈች። የነጠላዋ ዘርፍ ሻፍቱ ላይ ተጠመጠመ። ማንም አልተጎዳም፣ ነገር ግን ክሩን በጥፍር መቁረጫ አንድ በአንድ እስካወጣ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ሄሊኮፕተር ስትንቀጠቀጥ በመጀመሪያ የማየው ሻፍቱን ነው። አንድ የፀጉር ዘለላ ወይም የምንጣፍ ክር ይበቃታል።

ስለ ውጭ ልንገራችሁ። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ላለን ሰዎች ጉዳዩ ከባድ ነው። ከሬገን አየር ማረፊያ 15 ማይል ዙሪያ ውስጥ ያለ አሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን (ኤፍኤኤ) ልዩ ፈቃድ በሪሞት የሚበርር ነገር ውጭ ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም፣ አሌክሳንድሪያም፣ አርሊንግተንም እዚያ ውስጥ ናቸው። ፓርክ ወስዳችሁ አታስነሷት። ቤት ውስጥ ግን ኤፍኤኤ አይመለከተውም፤ እኔም ቤት ውስጥ የቀረሁት ለዚህ ነው። በሌላው ግዛት ያላችሁ፣ ውጭ ከማብረራችሁ በፊት ትረስት የተባለውን ነፃ ፈተና በኢንተርኔት ውሰዱ። ከ250 ግራም ጀምሮ ያለው መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው 5 ዶላር ነው፣ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። እነዚህ የመጀመሪያ ሄሊኮፕተሮች ከዚያ ክብደት በጣም በታች ናቸው። ቀላል ስለሆኑ ግን ትንሽ ነፋስም ትወስዳቸዋለች።

አገር ቤት ላለ የወንድም ወይም የእህት ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ብዙ ናችሁ። ካሜራ ያላትን አትውሰዱ። ድሮን ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ ይያዛል፤ ካሜራ ያላት ሄሊኮፕተርም ለፈታሹ ከድሮን አትለይም። ካሜራ የሌላትም ብትሆን ቀድማችሁ ጉምሩክን ጠይቁ። ተጨማሪ ባትሪዎቹን በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም።

ሌላው የከፍታው ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ እዚህ ካለው ወደ 20 በመቶ ይሳሳል። ሄሊኮፕተር ደግሞ የምትቆመው አየር ገፍታ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ግማሽ ጋዝ ላይ የምትንሳፈፈዋ እዚያ የበለጠ ትፈልጋለች፣ ባትሪዋም ቶሎ ያልቃል። ለእህቴ ልጅ ሲማዋን ወስጄለት ሳሪስ እነሱ ቤት ስናስነሳት ልዩነቱ ወዲያው ነው የታወቀኝ። ተነሳች፣ ጋዙን ግን ወደ ጫፍ አስጠግቶ ነበር የሚይዘው። ስለዚህ ለአዲስ አበባ የምትገዙ ከሆነ ቀለል ያለችውን ምረጡ፤ ጌጥና መብራት የበዛባትን ተዉ። ተጨማሪ ባትሪ ደግሞ አትርሱ።

ጭራዋ ወደ እናንተ ሆኖ መስቀሉ ላይ አንድ ባትሪ ሙሉ ማንሳፈፍ ከቻላችሁ ወደ ጎን አዙሯት። የግራ ጎኗን እያያችሁ፣ ከዚያ የቀኝ ጎኗን። የመጨረሻው ከባዱ ነው፤ አፍንጫዋ ወደ እናንተ ሲዞር ግራና ቀኝ ይገለበጣል። ግራ ስትሉ ወደ ቀኛችሁ ትሄዳለች። የጎረቤታችን ልጅ፣ 11 ዓመቷ ነው፣ እዚህ ላይ ሦስት ሳምንት ቆየች። እኔ ጣቶቼን ስቆጣጠር እሷ ዘዴ አገኘች። ሄሊኮፕተሯ ወደ አንድ ጎን ስታጋድል ጆይስቲኩን ወደዚያው ወደወረደው ጎን ትገፋለች፣ ወድቆ እንደሚሄድ ነገር ከሥሩ ድጋፍ እንደምታስገባለት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤዝመንት ውስጥ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው ቆሙ። ባትሪው ሊያልቅ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት እስኪጀምር ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። እዚያ ስትደርሱ ስለ ስድስት ቻናሏ ደውሉልኝ።